ሦስት ቋንቋ ለቻለ ትምህርት ቤት አራተኛው አይከብደውም

ባለፈው ዓመት በምዝገባ ሰሞን ጎረቤቴን አጅቤ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። እዚሁ ድሬዳዋ። ልጇ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አትሰማም። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነበር። ተርፋ ከሆስፒታል ስትወጣ ስሟ ሲጠራ መዞር አቆመች። እናትየዋ የክትባት ካርዱን፣ የቀበሌ መታወቂያዋንና ሁለት ጉርድ ፎቶ በፌስታል ይዛለች። ልጅቷ አዲስ ቦርሳ አዝላለች። ውስጡ ያለው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከጀርባዋ አላወረደችውም።

መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠን፣ ውሃ አስመጣልን። ከዚያ “እህቴ፣ እኛ ጋ ለሷ የሚሆን መምህር የለም። ብንመዘግባትም ዝም ብላ ቁጭ ነው የምትለው። ልዩ ክፍል ያለበት ውሰጃት” አላት። ልዩ ክፍል ያለበት ከሰፈራችን ሁለት ባጃጅ ነው። እናትየዋ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ቦታዋ ላይ መገኘት አለባት። ማመላለሻውን በሳምንት አምስት ቀን ስታሰላው ከትርፏ የሚቀር ነገር የለም። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለች።

ሰውየውን ልከስ አይደለም የምጽፈው። የተናገረው እውነት ነው፤ መምህር የለም። እኔን የያዘኝ ከቢሮው ስንወጣ ያየሁት ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የምዝገባ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ።

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ማስታወቂያ ቆሞ አያየውም፤ ለምዶታል። የድሬ ልጅ ሱቅ ገብቶ በሶማልኛ ዋጋ ይጠይቃል፣ በኦሮምኛ ይከራከራል፣ በአማርኛ አመስግኖ ይወጣል። የከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በሦስቱ ቋንቋዎች ይሰጣል። ይህ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። መምህር ማሠልጠን አስፈልጎ ነበር፣ መጽሐፍ ማሳተም፣ ክፍል መለየት፣ በጀት መመደብ። አሁንም ጉድለቱ ብዙ ነው። ግን አንድ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ስለሚናገር “ይሄ ልጅ ለኛ ይከብደናል” የሚል ዳይሬክተር ዛሬ አይገኝም። “መምህር የለም” ከተባለ ጥያቄው “መቼ ይመጣል?” ይሆናል። ለጎረቤቴ ልጅ፣ ለአራተኛው ቋንቋ ለምልክት ቋንቋ ሲሆን ግን ያው “መምህር የለም” መደምደሚያ ሆኖ ቀረ። የአካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የሚማሩበት ነገር፣ ለኔ ሁሉም እዚህች ልዩነት ላይ ነው ያለው።

ሕጉ ችግር የለበትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲደረግ መንግሥትን ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጆች በአካል ጉዳት ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለሉ ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ወረቀቱ ሞልቷል እንግዲህ።

ስለ ቃላቱ ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ወላጅ ስለሚያምታታው። ልዩ ትምህርት ቤት ማለት ማየት የተሳናቸው ወይም መስማት የተሳናቸው ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት ነው፤ እንደ ሰበታውና እንደ ሻሸመኔው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት። ልዩ ክፍል ደግሞ መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ የተለየ ክፍል ነው። አካቶ የሚባለው ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሲማሩ ነው፤ ግን አብሮ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጀርባውን ሰጥቶ በሚያወራ መምህር ክፍል ውስጥ የማይሰማ ልጅ አምስት ዓመት ቢቀመጥ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ እንጂ አልተማረም። አካቶ ማለት ትምህርት ቤቱ ራሱ ለልጁ ሲል የሆነ ነገር ሲቀይር ነው። የመቀመጫ ቦታ፣ የመምህሩ አቋቋም፣ የፈተናው አሰጣጥ፣ የበሩ ደፍ። ምንም ያልተቀየረ ከሆነ ልጁ ተመዝግቧል፣ በቃ።

ምን ያህል ልጅ ውጭ እንደቀረ ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል፤ አቆጣጠራችን ደግሞ ራሱ የሚደብቅ ነው። የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው ያገኛቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። እኛ የተለየን ሆነን አይደለም። አንድ የማያውቁት ሰው ደጅ ቆሞ “ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?” ሲል እናት “የለም” ትላለች። ታፍራለች፣ ወይም የሚመጣውን ትፈራለች፣ ወይም ደግሞ አንድ ጆሮው የማይሰማ ልጇ አካል ጉዳተኛ መባሉን ራሱ አታውቅም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር አለ። የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጃቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ጥያቄዎቹ “አካል ጉዳተኛ” የሚል ቃል አይጠሩም። ለማየት ትቸገራለህ? መነጽር አድርገህም? ለመስማትስ? ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስህን ለመንከባከብ፣ ሐሳብህን ለማስረዳት? መልሱም አዎና አይደለም ሳይሆን በደረጃ ነው፤ ምንም አልቸገርም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ጭራሽ አልችልም። ለልጆች የተዘጋጀም አለ። ይህ በምዝገባ ቅጽ ላይ ቢገባ ወጪው የፎቶ ኮፒ ነው። ሰነፍ የተባለው ልጅ ሰሌዳው እንደማይታየው፣ ረባሽ የተባለችው ልጅ በደንብ እንደማትሰማ መስከረም ላይ ይታወቃል። አለዚያ ሰኔ ላይ ወደቁ ይባላል።

ትምህርት ቤት የገቡትም ጥቂት ናቸው። በስድስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ውስጥ ለ2012 ዓ.ም. የተሰጠው አኃዝ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ የተመዘገቡት 11 በመቶ ያህል መሆናቸውን ያሳያል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ 3 በመቶ አይሞላም። በግምት ላይ የቆመ ቁጥር ቢሆንም፣ ያቺ አዲስ ቦርሳ አዝላ የተመለሰች ልጅ በአገሪቱ ብቻዋን እንዳልሆነች ለመናገር ይበቃል።

አሁን ወደ መስማት ልመለስ፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአማርኛችን “ደንቆሮ” የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፦ የማይሰማና የማያውቅ። አንድ ቃል ሁለቱን ስለያዘ ልጁ ገና ሳይፈተን ተፈርዶበታል። ለዓይነ ስውሩም “ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ” የሚል አለን። እነዚህን ስንሰማ ነው ያደግነው። መምህራኑም እንደዚሁ።

የማይሰማ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሙሉ ቋንቋ የለውም። በሰፈራችን እናት ሶማልኛ፣ አባት ኦሮምኛ፣ ጎረቤት አማርኛ ይናገራል፤ ልጁ ሦስቱንም አይሰማም። እጅ ወደ አፍ ሲሄድ ምግብ፣ ጉንጭ ሲደገፍ እንቅልፍ። በእንዲህ ዓይነት የቤት ምልክት “ትናንት ለምን አለቀስክ?” ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የልጅ አእምሮ ደግሞ ቋንቋ የሚይዝበት ጊዜ አለው፤ እነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ባዶ ካለፉ በኋላ ማካካስ ከባድ ነው። ለዚህ ነው “ትንሽ ትደግና እናስገባታለን” የሚለው ምክር የሚጎዳው። ሌላ ልጅ አንድ ዓመት ቢዘገይ አንድ ክፍል ነው የሚዘገየው፤ የማይሰማ ልጅ ግን ቋንቋውን ራሱን ሊያጣ ይችላል።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ የራሱ ሰዋስው አለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የጣት ፊደሉን ላየው ሰው ያስደንቃል። የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ያሳያል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ ነው ካዕብ ነው ሣልስ ነው የሚለውን ይለያል። ለ፣ ሉ፣ ሊ በአንድ እጅ ቅርጽ በተለያየ እንቅስቃሴ ይባላል። የእኛን ፊደል ገበታ አስተካክሎ የያዘ ነው። ታዲያ ድሬ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ቤተሰቡ በቁቤ የሚጽፍ የኦሮሞ ልጅ ወይም በላቲን የሚጽፍ የሶማሌ ልጅ በግዕዝ ፊደል የተመሠረተ ጣት ፊደል ሲማር፣ ከወንድሞቹ ደብተር ጋር አይገናኝም። ማንበብን በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል። እንደኛ ያለ ከተማ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድሞ ሊያነሳው ይገባ ነበር።

ስለዚህ ለማይሰሙ ልጆች የኔ አቋም ትንሽ የተለየ ነው። አንድ የማይሰማ ልጅን ብቻውን ስልሳ የሚሰሙ ልጆች መሀል ማስቀመጥ አካቶ አይመስለኝም። ብቸኝነት ነው። የተባበሩት መንግሥታቱ ስምምነት ራሱም ማየትና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርቱ በሚስማማቸው ቋንቋና እውቀታቸውንም ማኅበራዊ ሕይወታቸውንም በሚያሳድግ አካባቢ እንዲሆን ይጠይቃል። የሚሻለው በየአካባቢው አንድ አንድ መደበኛ ትምህርት ቤት መርጦ፣ የማይሰሙትን ልጆች እዚያ በቡድን ማስገባት ነው። በምልክት የሚያስተምር መምህር አብሮ ይመደብ፤ የሚሰሙት ልጆችም ምልክቱን ይማሩ። ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። ድሬ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወቱ ሶማልኛ የለመዱ ልጆች ናቸው እኮ።

ለዓይነ ስውራን ልጆች ነገሩ ይለያል። ቋንቋቸው የሁላችን ቋንቋ ስለሆነ መደበኛ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሆነውም ሊማሩ ይችላሉ፤ ግን አስቀድሞ ብሬይል፣ በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ፣ መያዝ አለባቸው። የአማርኛ ብሬይል በስድስት ነጥቦች የሚጻፍ ሲሆን ተነባቢና አናባቢ ተለይተው ይጻፋሉ፤ ስለዚህ ጽሑፉ ይረዝማል፣ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች የሕግ ባለሙያ ናት፤ በ2010 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። መንገዷን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬይልን ያዘች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች። ልዩ ትምህርት ቤትና አካቶ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው ስንቅ ይሰንቃል። ሌላው ደግሞ መምህሩ ነው። “ይህን እዚህ ጋ ስንደምረው” እያለ ሰሌዳ የሚነካ መምህር ለማያይ ልጅ ምንም አልተናገረም። “ሰባትን ከአምስት ጋር ስንደምር” ቢል ግን ልጁ ይከተለዋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ልማድ ነው የሚጠይቀው።

መንቀሳቀስ ለሚቸገሩ ልጆች ድሬ ከብዙ ከተማ ትሻላለች ብዬ አምናለሁ። ሜዳ ናት። ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፤ በከዚራ ጥላ ሥር ዊልቸር የሚገፋ ሰው እንደ አዲስ አበባ ዳገት አይጠብቀውም። መከራው ከአስፋልቱ ሲወጡ ነው፤ አሸዋው ጎማ ይውጣል፣ እኩለ ቀን ላይ የዊልቸሩ ብረት ያቃጥላል፣ ባጃጁ ደግሞ ሰውን እንጂ ዊልቸሩን በቀላሉ አይጭንም። እንዲህ አልፎ የመጣ ልጅ ክፍሉ በር ላይ ሦስት ደረጃ ሲጠብቀው ምን ይሰማዋል? የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። በተለምዶ የሚመከረው የራምፕ፣ የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ ስሌት ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ነው። ሦስቱ ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ቦታ ግን አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲሚንቶ አፍስሰው ራምፕ ይሉታል፤ እሱን ወጥቶ የሚገባ ልጅ የለም፣ ተንሸራቶ የሚወድቅ ነው ያለው። ሕንፃ መቀየር ካልተቻለ ደግሞ ክፍሉን ማውረድ ይቻላል። ስድስተኛ ክፍል ፎቅ ላይ መማር አለበት የሚል ሕግ የለም። ሽንት ቤቱንም እንዳትረሱት፤ ሴት ልጅ እሱ ስለማይመቻት ብቻ ትምህርት ልታቆም ትችላለች።

በጣም የሚረሱት የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ናቸው። ግቢው ጥግ ያለ ልዩ ክፍል፣ የሰባት ዓመትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አብሮ፣ እረፍት እንኳ በሌላ ሰዓት። የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና፣ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ ነበር አዲስ አበባ ላይ ማዕከሉን የከፈተችው። ሁሉም እናት ግን ማዕከል መክፈት አትችልም። ለነዚህ ልጆች አካቶ በአንድ ቀን ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ማስገባት አይደለም። ከሰልፍ፣ ከእረፍት፣ ከስፖርት፣ ከሥዕል፣ ከችግኝ ማጠጣት ይጀምራል። ለያንዳንዱ ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ ይጻፍለታል፤ ዘንድሮ እጁን ታጥቦ ስሙን ይጻፍ፣ ለከርሞ ገንዘብ ቆጥሮ መልስ ይቀበል። ይህ ትንሽ ግብ የሚመስለው ልጁን የማያውቅ ሰው ነው።

መምህራኑን መውቀስ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ ብዙ ቦታ ከዚያ ያልፋል። ሙቀቱን ጨምሩበት። ኮሌጅ እያለ አንድ የልዩ ፍላጎት ኮርስ ወስዶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ከዚያ ብቻውን ክፍል ውስጥ የተጣለ መምህር “አልችልም” ቢል አይገርምም። ለዚህ ነው የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል የሚባለው የታሰበው። አንድ ትምህርት ቤት ባለሙያና ዕቃ ይኖረዋል፤ ባለሙያው በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ይረዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እንደ ድሬ ላለ ከተማም ይመጥናል፤ ከተማው ጠባብ ነው፣ ባለሙያ በአንድ ቀን ሁለት ትምህርት ቤት ይደርሳል። ለገጠሩ፣ ለጀልዴሳና ለዋሂል ግን ትራንስፖርትና አበል ካልተያዘ በወር አንዴም አይደርስም። 

ከዕቃው ጋር ያለውም ነገር መነገር አለበት። ብሬይል ወረቀቱ፣ ብሬይል የሚጻፍበት ሰሌዳና መውጊያው (ስሌትና ስታይለሱ)፣ ማጉያ መነጽሩ ይመጣል። ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ቅጽ ፈርሞ የተረከበው ሰው ዕቃው ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ስለዚህ ይቆልፋል። ልጅ እጅ ላይ የገባ ዕቃ ያረጃል፣ ይሰበራል፤ የተገዛውም ለዚያ ነው። ይህን በአንድ ደብዳቤ ማስተካከል ይቻላል፦ ለመማሪያ የወጣ ዕቃ በአገልግሎት ቢሰበር መምህሩ አይጠየቅም የሚል።

“የኛ ልጆችስ ወደ ኋላ አይቀሩም ወይ?” የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሊመለስም ይገባል። ወደ ተማሪው ዞሮ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የተናገረውን ሰሌዳ ላይ በትልቁ የሚጽፍ፣ በዕቃና በምልክት የሚያሳይ መምህር የሚጠቅመው ለማን ነው? ቤቱ ሶማልኛ እየተናገረ በአማርኛ ለሚማረው ልጅም ነው። ኋላ ለተቀመጠውም፣ ወባ ይዞት ሳምንት ቀርቶ ለመጣውም ነው። የሚጎዳው ነገር ካለ መምህሩ ያለ ረዳት ሲቀር ነው፤ ያኔ ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ የወላጅ፣ መምህር፣ ተማሪ ኅብረቱ ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ “ለምን አስገባችኋቸው?” ሳይሆን “ረዳቱ የት አለ?” ቢሆን ለሁላችንም ይጠቅማል።

ጎረቤቴ ዘንድሮ ብቻዋን አይደለችም። ቀፊራ ከጎኗ የምትሸጥ ሴት የእህቷ ልጅ እንደማይሰማ ነገረቻት። እሷም ሌላ እናት ጠቆመቻት። እስካሁን በሰፈራችን ዙሪያ ብቻ አራት የማይሰሙ ልጆች አግኝተናል፤ አንዱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። የአራቱም እናቶች አንድ ማመልከቻ ላይ ፈርመዋል፣ አንዷ በጣቷ አሻራ። የጠየቁት በቅርባችን ባለው ትምህርት ቤት በምልክት የሚያስተምር አንድ መምህር እንዲመደብ ነው። አራት ልጅ ሲሆን አንድ ቡድን ይሆናል፤ “ለአንድ ልጅ ብለን” የሚለው መልስ አይሠራም።

እስከዚያው ልጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ግቢ ይሰበሰባሉ። የሰፈሩ ልጆችም አብረው ይመጣሉ። ያቺ ባለቦርሳዋ ልጅ ለሁላችንም በእጅ ስም አውጥታልናለች። የኔ ግንባርን በአንድ ጣት መንካት ነው፤ እዚያ ጠባሳ አለኝ። ምዝገባው የተከፈተ ዕለት አራቱንም ይዘን እንሄዳለን።